ስለ ቁልቁለት ሜዳ የጻፍኩት ማስታወቂያ

አባዬ፣

በእኛና በጎረቤት ብሎክ መካከል ያለው ሜዳ የመኪና ማቆሚያ እንዲሆን የነዋሪዎች ማኅበሩ ኮሚቴ ወስኗል። ማስታወቂያው ትናንት ጠዋት ደረጃው መግቢያ ላይ ተለጥፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ደህና ወሬ ሳገኝ እጽፍለታለሁ እያልኩ አቆየሁት። አሁንም የምጽፍልህ ደህና ወሬ ስላለኝ አይደለም።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ስላላት ከቤት የምትወጣው እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። በሌላው ቀን ያንተን ወንበር መስኮቱ ስር አስጠግታ ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ታያለች። አንዱ ሲወድቅ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ ሲነሳ ትስቃለች።

ሜዳው ድሮ የምታውቀውን ያህል አይደለም። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ አብዛኛው ከሕንፃ ስር ገባ፤ የተረፈው በላይኛው ጎል በኩል ያለው ቁራጭ ነው። ይህን ለአንተ መንገሬም ያሳፍራል፤ እዚያው አቁመኸኝ፣ የጎሉ እንጨት የነበረበትን በጣትህ ያሳየኸኝ አንተ ነህ።

ቡድኑን ስታቋቁሙ ቦታው ድንጋይና ቁጥቋጦ የበዛበት ቁልቁለት ነበር፤ የቡድኑም ስም ከዚያው ወጣ። ልታስተካክሉት ተነሳችሁና አፈር የምታመላልሱበት ስታጡ የእድሩን ቃሬዛ ደብቃችሁ አወጣችሁ። በሳምንቱ ሰው ሞተ፤ ቃሬዛው ሲፈለግ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተገኘ። የእድሩ ዳኛ ሁላችሁንም አስጠርተው፣ "ለኳስ ብላችሁ ሙት አዋረዳችሁ" ካሉ በኋላ፣ በሰፈሩ ለቅሶ በገባ ቁጥር ድንኳን እንድትተክሉ ፈረዱባችሁ። ቅጣቱ ለአንድ ዓመት ነበር። ዓመቱ አልቆም አላቆማችሁም፤ ፀጉራችሁ እስኪሸብት ድረስ የሰፈራችንን የልደታን የለቅሶ ድንኳን የሚተክለው የቁልቁለት ቡድን ነበር።

ወሬው ተክለ ሃይማኖት ድረስ ደርሶ፣ የዚያ ሰፈር ልጆች ሊገጥሟችሁ ሲመጡ "ሬሳ ተሸካሚዎች" እያሉ ጮኹባችሁ። አንተ ጎል ላይ ቆመህ፣ "አዎ፣ የዛሬ ተረኞች እናንተ ናችሁ" አልካቸው። ስንት ለስንት እንደወጣችሁ ግን በነገርከኝ ቁጥር ይለያይ ነበር።

ባንተ ለቅሶ የግራ ክንፍ ተጫዋቻችሁ ጋሽ ተካልኝ የድንኳኑን ምሰሶ ከወጣቶቹ እጅ ቀምተው ያዙ። ሊያቆሙት አልቻሉም፤ አለቅም ብለውም አስቸገሩ። ልጆቹ እሳቸው ያቆሙት እንዲመስል ከበስተኋላ ደገፉላቸው።

እኔ ደግሞ አምና መኪና ገዛሁ። ማደሪያ ስለሌለው መንገድ ዳር ነው የማቆመው። አንድ ቀን የልጆቹ ኳስ ስፖኪዮውን ሰበረው፤ የሰበረው ልጅ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆኝ ነበር፤ ፊቴን አዞርኩበት። በቅርቡ የኮሚቴው ጸሐፊ አደረጉኝ፤ የማቆሚያው ሐሳብ ሲቀርብ እጄን አወጣሁ። ማንም አላስገደደኝም። ማስታወቂያውንም "ጥቅም ላይ ሳይውል የቆየው ክፍት ቦታ" ብዬ ጀመርኩት።

አባዬ፣ ዕድሜዬን የኖርኩት በጋዜጣ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው። ጀማሪ ዘጋቢ ይህን ሐረግ ጽፎ ቢያመጣልኝ፣ "ማን ነው ያለው? ሄደህ አይተሃል?" ብዬ እመልሰው ነበር። እኔ ሄዶ ማየት አላስፈለገኝም። ስጽፈው የልጆቹ ጩኸት በመስኮት ይገባ ነበር።

ትናንት አመሻሽ ላይ ጋሽ ተካልኝ ከማዶው ብሎክ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ማስታወቂያውን አንብበውታል። ከስሩ "ኮሚቴው" ይላል እንጂ ስም የለበትም፤ ስብሰባ ስለማይወጡም ጸሐፊው እኔ መሆኔን አያውቁም።

"የተማረ ሰው ነው የጻፈው፤ ውሸቱ ራሱ ሥርዓት አለው" አሉኝ።

ቀጥለውም ተቃውሞ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። "አንተ የበረኛችን ልጅ ነህ፣ ብዕር አለህ። አንተ ጻፈው፤ እኛ ሽማግሌዎቹ እንፈርማለን፣ እናቶቹንም አስፈርማለሁ።"

እሺ አልኳቸው። ሲወጡ በር ላይ ቆመው መረቁኝ። ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ። ከሁሉ የከበደኝ ያ አሜን ነው።

እማዬ ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ማስታወቂያውን ስጽፍም እዚያው ወንበሯ ላይ ነበረች። "እንኳን አባትህ አልሰማ" አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ይኸው እኔው አሰማሁህ።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ አስብሃለሁ ብል ቀላል ነው። ሻማውም ጸበል ጻዲቁም አይቀርም፤ ስምህንም ካህኑ ይጠራል። ልጅህ መሆኔን ጋሽ ተካልኝ ፊት ቆሜ ማስታወስ ነው ያቃተኝ። እሱን ግን ላለመርሳት ቃሌን እሰጥሃለሁ።

ተቃውሞውን አንዴ ከተቀመጥኩ እጨርሰዋለሁ። ችግሩ መጀመሪያው ላይ ነው፤ ማስታወቂያው ሐሰት መሆኑን ሳይናገር የሚጀምር ተቃውሞ አይረባም፤ የሐሰቱን ጸሐፊ ሳልነግራቸው ደግሞ ሽማግሌ ላስፈርም አልችልም። ብነግራቸው ወረቀቱን ከእጄ ይቀበሉኝ እንደሆነ አላውቅም። ባልነግራቸው ይቀበሉኛል።

ኮሚቴው ተቃውሞ የሚቀበለው እስከ ዓርብ ነው። ጋሽ ተካልኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሊወስዱት ይመጣሉ። ጠቅላላ ጉባኤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል።