በሰላምታ ብዛት ዜሮ ያገኘችው ልጄ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለምክትልዎ፣ እንዲሁም ስብሰባ ላይ መሆንዎን እየነገረች አራት ጊዜ በፈገግታ ለሸኘችኝ ጸሐፊዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከአጥርዎ ማዶ ልብስ የምሰፋ፣ የአንዲት ሰባተኛ ክፍል ተማሪ አባት ነኝ። ፊት ለፊት መገናኘት ስላልታደልን በአደባባይ መጻፌን በቅን ልብ እንደሚያዩልኝ አልጠራጠርም።

ልጆቻችን ሁለተኛ ቋንቋ ከነባህሉ እንዲማሩ ማድረግዎ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩. መማሪያ መጽሐፉ በቋንቋው ባለቤቶች ዘንድ የሰውን ቤተሰብ ደኅንነት ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር እንደሆነ ይናገራል። መምህሩም ይህችን ገጽ ሦስት ጊዜ አስገልብጠዋቸዋል። ልጄ የዋህ ናትና አመነች። በቃል ፈተናው ራሷን እንድታስተዋውቅ ሁለት ደቂቃ ሲሰጣት፣ በዚያው ቋንቋ የመምህሩን ጤና፣ ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የእናታቸውን ወገብ ሳይቀር አንድ በአንድ ጠየቀች። ወገቡ ላይ ስትደርስ ሰዓቱ አለቀ። ወደ ርዕሱ አልገባችም ተብሎም ዜሮ ተሰጣት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተሞላበት እርማት ዕድሜ ልኬን አላየሁም!

፪. ልጄ ቋንቋውን የለመደችው በርዎ ላይ ከሚቆሙት ጥበቃ ነው፤ አፋቸውን የፈቱት በእሱ ነውና። በዕረፍት ሰዓት አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስታወራ ግን ሥራ ታስፈቻለሽ ተብላ ተባረረች። መምህሩ የጽሑፍ ፈተናውን ጥያቄ ከማባዛታቸው በፊት ለእኚሁ ጥበቃ አሳይተው ማሳረማቸውን ስሰማ ትሕትናቸው ልቤን ነክቶታል።

፫. በዜሮዋ ምክንያት፣ ቅዳሜ ቋንቋው ወደሚነገርበት ከተማ ከሚሄዱት ተማሪዎች ዝርዝር ስሟ ተሰርዟል። እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም። ዓመቱን ሙሉ በደብዳቤ ለተዋወቀቻት የዚያ አገር ልጅ ቦርሳ በገዛ እጇ ሰፍታ ጨርሳለች። አሁን ከስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትለቅማለች። ጌታዬ፣ ዜሮዋን ይያዙት፤ ስሟን ብቻ ይመልሱልኝ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየለመንኩ፣ በጸሐፊዎ በር ላይ ካካበትኩት ትዕግሥት ጋር፣

የባለዜሮዋ አባት፣ ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስ ለመስጠት ባይመችዎም አይጨነቁ። ጥበቃው ቅዳሜ ዕረፍታቸው ስለሆነ፣ እኔንና ልጄን በሌሊት አውቶቡስ ወደዚያችው የትውልድ ከተማቸው ሊወስዱን ቃል ገብተዋል። ቀድመናችሁ እንደርሳለን። ምናልባት መንገድ ጠፍቷችሁ የአገሩን ሰው መጠየቅ ቢያስፈልግ፣ ከተጓዦችዎ መካከል ይህን የሚችል ሰው መኖሩን ከወዲሁ ያረጋግጡ። ከሌለ ይደውሉልኝ፤ ልጄ መጥታ ትወስዳችኋለች።