ክረምቱን ሙሉ በ«ጌት»

ለተከበሩ መምህር ፍሬ ስብሐት፣
የ«ብርሃነ ልሳን» እንግሊዝኛ ማሠልጠኛ ባለቤትና ዳይሬክተር፣
ባሕር ዳር

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የሐይቁ ነፋስ ጉሮሮዎን እንዳይነካብዎ ዘወትር እጸልያለሁ፤ ያ ድምፅ ቢዘጋ «ጌት» የተባለውን የእንግሊዞች ግስ ማን ያትትልን ነበር? እኔ ተማሪዎ ፀደንያ ቃለ ሕይወት ነኝ፤ አስጎብኚ ለመሆን እንግሊዝኛ ልማር ብዬ ክረምቱን ሙሉ ከእግርዎ ሥር የተቀመጥሁት። ምስጋናዬና ጥቂት ቅሬታዬ በአደባባይ ቢነበብ ይሻላል ብዬ እንዲህ ጽፌያለሁ።

፩ኛ. አባቴ ደቅ ደሴት የመጻሕፍት መምህር ናቸውና አንድምታን አሳምሬ አውቃለሁ፤ አንዱን የመጽሐፍ ቃል «አንድም» እያሉ በየፍቺው ማብራራት ትልቅ ጥበብ ነው። እርስዎም ከዚያው ጉባኤ የወጡ እንደ መሆንዎ ይህን ግስ በዚሁ ሥርዓት አስጠኑን፤ በጥንት ዘመን የሰሜን ባሕረኞች ወደ እንግሊዝ ምድር ይዘውት እንደ ገቡ፣ ፍቺውም ማግኘት፣ አንድም መቀበል፣ አንድም መድረስ፣ አንድም መሆን፣ አንድም መረዳት እንደ ሆነ፣ ቆመን በእንግሊዝኛ ሸመደድነው። እግዜር ይስጥልኝ! ሌላ ግስ መኖሩን የሰማሁት ግን ከመንገድ ነው።

፪ኛ. ባለፈው ኅዳር አንድ የጀልባ ማኅበር ሊቀጥረኝ አስቦ፣ ለሙከራ እንግዶች ይዤ ወደ ደቅ እንድሻገር ፈቀደልኝ። ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ሲነሣ አንዲት እንግዳ ፊቷ ተለዋውጦ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፤ ከንግግሯ የለየሁት «ጌት»ን ብቻ ነበር። እሰይ! ደስታዬን ምን ልበልዎ! ከሰሜን ባሕረኞች ጀመርሁላት፤ ሦስተኛው «አንድም» ላይ ስደርስ ቀሚሴ ላይ አስታወከች። ማቋረጥ ነውር ነው ብለው ስላስተማሩን እስከ መጨረሻው ዘለቅሁት። ለካ የጠየቀችኝ ውሃ ኖሯል! ሥራው በዚያው ቀረብኝ፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያንገበግበኛል፣ አልዋሽዎትም።

፫ኛ. ማኅበሩ አዝኖልኝ በመጪው ወር ለመጨረሻ ጊዜ ሊፈትነኝ ቃል ገብቷል። ይህም ካመለጠኝ አስጎብኚነት ሕልም ሆኖ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ከታላቁ ምርምርዎ ጥቂት ጊዜ ቆርሰው፣ ቢያንስ ውሃ፣ ወንበርና ሽንት ቤት የሚባሉትን ተራ ነገሮች እንዲያስተምሩኝ በታላቅ ትሕትና እለምንዎታለሁ።

ክረምቱን በአንድ ቃል ላሳለፉልኝ መምህሬ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣

አክባሪዎ
ፀደንያ ቃለ ሕይወት

ይድረስ እንደ ገና፦ ያች እንግዳ ቂም ሳትይዝ፣ እንዲህ አድርጎ ያስተማረኝን ሰው ለማየት በሾፌሯ በኩል ጠይቃኝ፣ በማግስቱ ማሠልጠኛዎ ድረስ ይዣት መጥቼ ነበር። ዘበኛዎ ለቅሶ መራዊ ከተማ ሄደዋል አለን፤ ጫማዎ ግን ከቢሮዎ መጋረጃ ሥር ይታይ ነበር። ለቅሶ አለመድረስ ነውር ነውና የሟቹን ስም ይላኩልኝ፤ የሞተው እንግሊዝኛዎ ከሆነ ግን ከወዲሁ እግዜር ያጥናዎት።