ጓንግ ሲጎድል

ህዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከጓንግ ዳር፣ ከሸሕዲ በታች

ለአይናዲስ፤

የደንቢያ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እህትሽ አሰፋችስ ደህና ናት? ወገብሽ እንዴት እንዳደረገሽ ከዓመት በላይ በሰው ስጠይቅ ከርሜያለሁ፤ ዛሬ ግን ራሴ ልጠይቅሽ ብዬ ጻፍሁ።

ልጃችን ዝናሽ ጥቅምት 19 ወንድ ልጅ ወልዳለች። ክርስትናው ህዳር 29 ነው። ባየችኝ ቁጥር "እማ ትመጣለች?" ትለኛለች። በምን ትምጣ እያልሁ በልቤ ሳሰላስል ከረምሁ። የትራክተሩን መንገድ ክረምቱ ቆራርጦታል፤ ተሳቢ ላይ ስድስት ሰዓት መንገጫገጭ ደግሞ ለወገብሽ አይሆንም። የቀረው ወንዙ ነው። ወንዙን እንደምትፈሪው አውቃለሁ።

ስለዚህ አስቀድሜ ሞከርሁት። ባለፈው ሐሙስ ባለሱቋ ሩፊዳ ስኳርና ሳሙናዋን ይዛ ከሸሕዲ ስትመለስ፣ ወንዙ ዳር ካለው የባጃጅ መቆሚያ ተቀብዬ እስከ መንደራችን በጀልባ ይዣት ወረድሁ። ሞተሩን ፈትቼ ቤት አስቀምጨዋለሁ፤ በዚህ ውኃ አሸዋው ይበላዋል። በዘንግ ነው የምገፋው። ጥልቅ የተባለው ላይ ሁሉ ዘንጉን እየሰደድሁ ለካሁ፣ ከደረቴ አያልፍም። ሌላው ከጉልበት በታች ነው፤ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። ሦስት ቦታ ላይ አሸዋ ይይዛል። እዚያ አንቺ ወርደሽ በዳሩ ቀስ እያልሽ ትሄጃለሽ፣ ጀልባዋ ትጎተታለች። ፀሐይ እንዳይመታሽም በአራት እንጨትና በሣር ትንሽ ራኩባ ሠርቼላታለሁ።

ሁለተኛው አሸዋ ላይ ስንጎትት ሩፊዳ፣ "ይህን ሁሉ የምትለፋው ለአይናዲስ ነው?" አለችኝ።

"ውኃ ትፈራለች። ሲጎድል አይታ ብትደፍር ብዬ ነው።"

"ውኃውንስ እኔም እፈራዋለሁ። እሷ የሄደችው ግን ውኃ ፈርታ አይመስለኝም" አለችና ገመዱን ያዘች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ደብዳቤ ስጀምርና ስቀድ ነው የሰነበትሁት።

አይናዲስ፣ ካቻምና በነሐሴ ጀልባዋ ስትገለበጥ፣ ለጎረቤትም ለሽማግሌም "ድፍርሱ ሸፈናት፣ አላየኋትም" ብያለሁ። አይቼሽ ነበር። የሾላውን ቅርንጫፍ ይዘሽ ነበር። ስትጠሪኝም ሰምቻለሁ። ቅርንጫፉ ይይዛታል ብዬ ጀልባዋ ይዛው ወደምትሄደው ሞተር ዋኘሁ፤ ገና አዲስ ነበር። ሞተሩን ይዤ ዞር ስል ቅርንጫፉም አንቺም የላችሁም። ከታች አረም ሲያርም የነበረው ጎጃሜው ባየልኝ ዘሎ ባይገባ ኖሮ ዛሬ ለማን እጽፍ ነበር? ድንጋዩ ወገብሽን የመታሽ በእኔ ነው።

አንቺም እንዳየሁሽ አይተሻል። ይህ የገባኝ ሩፊዳ ያን ስትለኝ ነው። ግን ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገርሽብኝም። ይቅርታ ለመጠየቅ ጀልባ አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ከእሱ ሌላ የማውቀው ሥራ ስለሌለኝ ከእሱ ጀመርሁ።

አሁን ውኃው በየቀኑ እየወረደ ነው። ህዳር 25 ካለፈ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ይሆናል፣ ጀልባም አይሄድም። ስለዚህ ህዳር 20 ቅዳሜን አስቤያለሁ። አርብ ከአዘዞ የሸሕዲን ሚኒባስ ያዢ፤ ሩፊዳ ሸሕዲ ያሉት ዘመዶቿ ቤት አብራሽ ታድራለች፣ ቅዳሜም እስከ ወንዙ ይዛሽ ትመጣለች።

ባየልኝ ወደ አገሩ አልተመለሰም፣ እዚሁ ቀርቶ ያርሳል። በዘንግ መግፋት አስተምሬዋለሁ፣ ጎበዝ ወጥቶታል። ከእኔ ጋር ጀልባ ላይ መቀመጥ ከከበደሽ እሱ ይገፋል፤ እኔ በእግሬ በዳር በዳሩ እከተላችኋለሁ። አሸዋው ጋ ስትደርሱ ብቻ ገብቼ እጎትታለሁ። ይህን ለዝናሽ አልነገርኋትም። ለባየልኝ ግን እውነቱን ነግሬዋለሁ። "እንግዲህ ለእሳቸውም ይንገሯቸው" ብቻ አለኝ።

መልስ መጻፍ ከከበደሽ አትጻፊ። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ እኔና ባየልኝ ባጃጅ መቆሚያው ጋ፣ ወንዙ መውረጃ ላይ ነን። ዘንጉን ማን እንደሚይዝ አንቺው ትነግሪናለሽ።

የልጅ ልጅሽን ታቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ። ወገብሽን ይማርልሽ። የአሰፋችንም ቤት እግዜር ይባርክላት፣ አንቺን አስጠግታልኛለችና።

ቢሆነኝ