ከግድግዳው ማዶ «ጂርቱ?»

ወንድሜ ቦንሳ፣ ባለህበት የጌታ ሰላም ይብዛልህ፤ እኛ ደህና ነን።

ለፊልም ትምህርትህ ሰፈራችንን በስልክ ቅረጪልኝ ስላልከኝ፣ ከጭሮ አስፋልት እስከ በራችን ቀርጬልሃለሁ። የተነባበረው ቆርቆሮ፣ ሁለት ሰው የማያሳልፈው መተላለፊያ፣ ሁሉም አለ። ሰፈሩን ሊያፈርሱ ሜትር ይዘው የሚዞሩትን ሰዎች ግን ቆርጠህ አውጣቸው። በራችን ጋ ስደርስ እማዬ እነሱ ለማፍረስ ምልክት ብለው በሩ ላይ የቀቡትን ቀይ ቀለም በጀርባዋ ሸፍና ቆመችና፣ «እኔን ብቻ አንሺ» አለችኝ።

ጎረቤታችን ሶፍያ በየጠዋቱ ከግድግዳው ማዶ «ጂርቱ?»፣ አላችሁ ወይ፣ ስትለን «ጂራ»፣ አለን፣ የምንላትን ድምፅም ልቀዳልህ ነበር። እሷ ባለፈው ሳምንት ዕቃዋን ጭና ገለምሶ ገባች። ዛሬ ጠዋት እማዬ ማንም ሳይጠይቃት ወደ ግድግዳው ዞራ «ጂራ!» አለች።

ስትደውል ከሰላምታው በፊት «ጂርቱ?» በላት።

ጌታ ይጠብቅህ።
እህትህ እሴት