በእትዬ ልኬ ስም «ደህና ነኝ» ላለው መሣሪያ ጌቶች

ለተከበራችሁ የኢንተርኔት ገበያው ገጽ አስተዳደር ኃላፊዎች፤

ጤናችሁ እንደ ማስታወቂያችሁ የበዛ፣ ዕድሜያችሁም እኛን መልስ እንደምታስጠብቁበት ጊዜ የረዘመ ይሁን እያልኩ እጅ ነሥቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ምስጋናዬን ከመዘርዘሬ በፊት የራሴን ጉድ ላውጣ። ባለቤቴ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ እኔ ግን በገጿ ላይ እሷን መስዬ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ጫማ ሰፊ ነኝ፤ እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ትሸጥ ነበር። «እግርሽን ወረቀት ላይ አድርጊና ዙሪያውን በእርሳስ አስምረሽ ፎቶውን ላኪልኝ፤ ሁለቱንም፣ ግራና ቀኝ እኩል እንዳይመስልሽ» ሳትል ለማንም ስለማትሸጥ ደንበኞቿ እትዬ ልኬ አሏት። ስትሞት መርዶዋን መናገር አቃተኝ። ደግሞም በደንባችሁ የሟች ገጽ እንደሚዘጋ አንብቤአለሁ፤ ከተዘጋ እንጀራዬም፣ ለደንበኞቿ በድምፅ የላከችው መልእክትም፣ ሳቋም አብረው ሊጠፉ ነው። ስለዚህ «የኔ ቆንጆ» እያልኩ በእሷ አፍ መለስኩ። ለጸሎት ስቆም ይህችን አንዲት ነገር ብቻ እዘላት ነበር።

አንደኛ፣ በየጊዜው ስላስተማራችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥርት ያለ ፎቶ ካልለጠፍክ ማንም አያይህም አላችሁ፤ ለጠፍኩ። ፎቶ ጊዜው አልፏል፣ ቪዲዮ ነው አላችሁ፤ ቀረጽኩ። ረዘመ አላችሁ፤ አሳጠርኩ። በመጨረሻም ሙዚቃ ጨምረህ ተንቀሳቀስ ስትሉኝ፣ በዚህ ወገቤ፣ ሽርጤን እንደታጠቅሁ፣ መዶሻ ይዤ ስወዛወዝ የታየሁት እኔው ነኝ። ልጄ ደውላ «አባዬ፣ ምን ነካህ? ሰው ምን ይለናል!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ጫማ የገዛኝ ግን የለም።

እትዬ ልኬ ከዚህ ሁሉ ትምህርት አንዱንም አታውቅም ነበር። የጠየቃትን ትመልሳለች፣ ያለችውን ቀን አታሳልፍም፣ የማይሆነውን ጫማ ደግሞ «ይሄ ላንቺ እግር አይሆንም፣ አትግዢ» ትላለች። አትግዢ የተባለችው ሴት እህቶቿን አስከትላ ትመጣለች። ስልኩ ስንቴ ተቀየረ፣ ገጻችሁ ስንቴ ታደሰ፤ የእሷ አሠራር ግን ያው ነበር። ሥልጠናችሁን ሳትወስድ ይህን በማወቋ በስሟ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ሳልለምናችሁ የቀድሞ መልእክቶችን አንብቦ በባለገጹ አንደበት የሚመልስ መሣሪያ ስለከፈታችሁልኝ ልግስናችሁን በምን ቃል ልግለጸው? ባለፈው ሳምንት አንዲት መምህርት፣ የድሮ ደንበኛችን፣ «እትዬ፣ ድምፅሽ ጠፋብኝ፣ ደህና ነሽ ወይ?» ብላ ብትጽፍ መሣሪያችሁ «ደህና ነኝ የኔ ቆንጆ፣ ሱቅ ብቅ በይና እንጫወት» አላት። ሕፃን ልጇን ታቅፋ መጣች። «እትዬ የታለች? የልጄን የመጀመሪያ ጫማ ልክ እሷ ራሷ ትውሰድላት ብዬ ነው» አለችና በባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቅ ጀመር። መሞቷን ስነግራት ልጇን አቅፋ ተነሣች። «ታዲያ ነይ ያለኝ ማነው?» አለች። ከበሩ ላይ ደግሞ ዞር ብላ፣ «አምና እናቴ ስትሞትስ ያጽናናኝ ማን ነበር?» እኔ ነበርኩ። መዶሻዬን አንሥቼ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ሦስተኛው ክሴ እዚህ ላይ ተሰናከለብኝ። መሣሪያችሁን ላሳጣ ተቀምጬ የድሮ መልሶቿን አንድ በአንድ አነበብኩ። እትዬ ልኬ በጠናባት ጊዜ እንኳ «አሞኛል፣ ጫማሽ ይዘገያል» ብላ እቅጩን ትጽፍ ነበር። «ደህና ነኝ» የሚለውን መሣሪያው የተማረው ከእኔ ነው።

እንግዲህ ምን ላድርግ? እውነቱን ብናገር ገጹን ትዘጉታላችሁ፤ ዝም ብል እኔና መሣሪያችሁ ተጋግዘን፣ ዋሽታ የማታውቀውን ሴት በሞቷ ውሸታም ልናደርጋት ነው። የድምፅ መልእክቶቿን እንኳ ከገጹ ቀድቼ ላስቀር ብዬ ደጋግሜ ስጽፍላችሁ «ጥያቄዎ በእኛ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው» ብላችሁኛል። ቦታውን ብታሳዩኝ ሄጄ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ፈጣሪ እንደ እናንተ መልስ በመሣሪያ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ እስካሁን «ደህና ነህ» ባለኝ ነበር፤ እሱ ግን ዝም ብሏል፣ ዝምታውም ገብቶኛል።

ከማይሰፈር አክብሮትና ከአንድ ባዶ ወንበር ጎን፣
ትሑት አገልጋያችሁ ጫማ ሰፊው፣ የእትዬ ልኬ ባል

የተረሳች ቃል፦ ይህን ከመላኬ በፊት መሣሪያውን አጥፍቼ በገጹ ላይ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «እትዬ ልኬ አርፋለች። ከዚያ ወዲህ የመለስኩላችሁ እኔ ባሏ ነኝ። እናትሽን ያጣሽው ልጄ፣ አብሬሽ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ፤ ለቅሶው ግን እውነት ነበር። ይቅር በሉኝ።» ወዲያው የእናንተ መልእክት ደረሰኝ፤ መርዶዬ ከሌሎች ጽሑፎቼ ይልቅ ብዙ ተመልካች እያገኘ ስለሆነ፣ ከፍዬ ለበለጠ ሰው እንዳደርሰው ይመክረኛል። «አልፈልግም» የሚለውን ተጫንኩ።