በሳሙና የተደፈነው የናፍጣ ቱቦ

ኅዳር 9 ቀን 2014፣ ወልድያ

መብራት ከጠፋ ወራት ባለፉበት ከተማ፣ እኔ የኃይል ማመንጫ ቱቦ ነዳፊው ሊቅ ዛሬ ተጠራሁ። የክሊኒኩ ጄኔሬተር የናፍጣ ቱቦው ተሰንጥቆ ቆሟል፤ የጎረቤቴ የሐጂ ሰይድ ባለቤት በጄኔሬተሩ የሚሠራውን ኦክስጅን ይጠብቃሉ።

«በሳሙና ልድፈነው?» አለ መካኒኩ ካሳ።

«መጀመሪያ ፍሰቱ ይሰላ!» ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሶፍትዌሩ ቱቦውን በቀይና በሰማያዊ አስጌጠው። ዲግሪዬን አክብረው ሁሉም መጠበቅ ጀመሩ።

«አልደረሰም፣ ልጄ?» አሉ ሐጂ።

«አምስት ደቂቃ፣ ሐጂ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ባትሪዬ አለቀ። ካሳ ሳሙናውን ለጥፎ ሞተሩን ወዲያው አስነሣው። የሐጂ ባለቤት ግን ቀድመው አርፈው ነበር።

«ደክመህልናል፣ አላህ ይስጥህ» አሉኝ ሐጂ፤ የተረፈውንም ሳሙና ለጀናዛው ማጠቢያ ከካሳ እጅ ተቀበሉ።

እኔም ጄኔሬተሩ ከተነሣ አይቀር ላፕቶፔን ሰካሁ። ስሌቱ አለቀ፤ በሳሙና ተደፍኖም ፍሰቱ ይበቃ ነበር።