አምፖል የሚያበራ ዲቫይደር

ለተከበሩ የንብረትና ጥገና መምሪያ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የሞቀ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ በሁለተኛው ፎቅ የጎርፍ ካርታ የምሠራው ሠራተኛዎ ይህንን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በግል የጻፍኩልዎ አራት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

ጉዳዩ ትንሽ ነው። ኮምፒውተሬ ዝናቡ ሲገባ ወንዙ በቀኙ ዳር የትኛውን ቤት እንደሚያጥለቀልቅ ለማስላት ዘጠኝ ሰዓት ያለ ዕረፍት መሥራት አለበት። ከኃይል መዋዠቅ ይጠብቃል ተብሎ የተሰጠኝ ዲቫይደር ግን እየጋለ ሄዶ ስድስተኛው ሰዓት ላይ ቀጭ ብሎ ይጠፋል፤ ስሌቱም ከዜሮ ይጀምራል።

፩. የበኩሌን ሞክሬአለሁ። ፕሪንተሩን ነቀልኩ፣ ሁለተኛውን ስክሪን ነቀልኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ። በመጨረሻም ዲቫይደሩን ገልብጬ ከሥሩ የተጻፈውን ሳነብ አምስት አምፔር ብቻ እንደሚችል አየሁ፤ ኮምፒውተሩ ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም ብቻውን እዚያው ይደርሳል።

፪. ቴክኒሻንዎ ሦስት ጊዜ መጥተዋል። ሦስቱንም ጊዜ ኮምፒውተሩን ነቅለው የጠረጴዛ መብራት ሰኩበት፤ መብራቱ በራ፤ እርሳቸውም «ተፈትሾ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል» ብለው ፈረሙ። በመመሪያዎ መሠረት ዲቫይደር የሚቀየረው አምፖል ማብራት ሲያቅተው ብቻ መሆኑን የተማርኩት ያኔ ነው፤ ለትምህርቱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰውየውን አልወቅሳቸውም፤ በሦስተኛው ጊዜ ዓይኔን ማየት አቅቷቸው ነበር።

፫. ጽሕፈት ቤትዎ ለኮምፒውተሩ ቀለል ያለ ሥራ እንድሰጠው መክሮኛል። ለወንዙም ቀለል ብሎ እንዲሞላ አንድ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም።

፬. የራሴን ዲቫይደር ገዝቼ ባመጣ፣ የግል የኤሌክትሪክ ዕቃ ክልክል ነው ተብሎ በር ላይ ተያዘብኝ። ጥበቃው በጣም ንቁ ናቸው።

ደክሞኛል፣ ክቡርነትዎ። ከቀኙ ዳር አንዲት እናት በየጠዋቱ እየደወሉ ዕቃቸውን ይሸክፉ ወይስ አርፈው ይቀመጡ እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ እኔም ሃያ ቀን ሙሉ ነገ፣ ነገ እያልኩ አቆይቻቸዋለሁ። ትናንት ስለ ካርታው ምንም ሳያነሱ፣ ድምፅህ ደከመብኝ፣ አሞሃል ወይ ብለውኝ ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲጮህ ለማንሳት አፍራለሁ።

ስለ ሰፊው ትዕግሥትዎ፣ በተለይም በእኔ ስም ስለታገሡት ሁሉ እያመሰገንኩ፣ በየስድስት ሰዓቱ እየተቆራረጥኩም ቢሆን በታማኝነት የማገለግልዎ፣

የካርታ ክፍሉ ባለሙያ

ማስታወሻ፦ የግራው ዳር ቤት ያነሰበት ስለሆነ ስሌቱ በሦስት ሰዓት ውስጥ አልቋል፤ መነሳት ያለባቸውም በጊዜ ተነስተዋል። አዲሱን ቤትዎን የሠሩት በቀኙ ዳር መሆኑን ከሾፌርዎ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለዎት። ውሃው እዚያ ይድረስ አይድረስ ግን፣ ከታላቅ ይቅርታ ጋር፣ የሚያውቅ የለም።